ከጓሮ የተገኘ ግልገል የማን ነው?

በጅቡቲ ከተማ በቡላኦስ ሰፈር ግቢዎች አረንጓዴ ነገር ብዙ አይገኝም። አንድ የኒም ዛፍ፣ የልብስ እጣቢ እየተደፋለት የሚያድር ቁጥቋጦ፣ ቢበዛ ደግሞ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሐረግ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚያልፍባት በዚህች ከተማ ግን ይህችው ጥላ የብዙ ፍጥረት መጠጊያ ናት። ድንቢጥ ትፈለፍልባታለች፤ ሲነኳት እንደ ኳስ የምትጠቀለለው ትንሿ ጃርትም ሥሯ ትሸሸጋለች። ቡላኦስን ከባልባላ ሰፈር በሚለየው በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር ያሉት የአትክልት ቦታዎች ደግሞ ለወፎች ዋና ማረፊያ ናቸው።

ስለዚህ ጠዋት ግቢ ሲጠረግ ጫጩት መሬት ላይ መገኘቷ ብርቅ አይደለም። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ አንዱ ካርቶን ያመጣል፣ ሌላው ዳቦ በወተት ያርሳል። ደግነቱ እውነተኛ ነው፤ ጫጩቷን የሚገድላትም ብዙ ጊዜ እሱው ነው። የወፍ የአየር መተላለፊያ ምላሷ ሥር ስለሚከፈት አፏ ውስጥ የተንጠባጠበ ውኃ በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ወተትም ለወፍ ምግብ አይሆንም።

መፍትሔው ላባዋን በማየት ይጀምራል። ገና ራቁቷን ከሆነች ጎጆዋ ተፈልጎ ወደዚያው ትመለስ። ሰው የነካትን ጫጩት እናቷ ትተዋታለች የሚለው ወሬ እውነት አይደለም፤ ለአብዛኞቹ ወፎች ከሰው ሽታ ይልቅ የጫጩቷ ጩኸት ይበልጣል። ላባ አውጥታ እየዘለለች ከሆነ ግን አልጠፋችም፣ መብረር እየተማረች ነው። ወላጆቿ ከአጥሩ ላይ ሆነው ሰው እስኪርቅ ይጠብቃሉ፤ እዚያው መሬት ላይ ይመግቧታል። ያኔ የሚያስፈልጋት ድመቷን ቤት የሚያስገባና የከተማዋን ወደብ የወረረውን የህንድ ቁራ የሚያባርርላት ሰው ነው። ይህ ቁራ በመርከብ ተሳፍሮ ከቀይ ባሕር እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የተስፋፋ፣ የሌሎችን ወፎች እንቁላልና ጫጩት የሚበላ ወራሪ ነው።

ነገሩ ጫጩት ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። በጅቡቲ ግን በራሱ እግር ያልመጣ፣ በሰው እጅ ገብቶ ጓሮ ውስጥ በገመድ የሚታሰር ግልገልም አለ፦ የሜዳ ፍየል፣ እንሹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአቦሸማኔ ግልገል። ብዙዎቹ የሚወሰዱት እናታቸው ጥላቸው የሄደች እየመሰለ ነው። የሜዳ ፍየል ግልገሏን ቁጥቋጦ ሥር አስተኝታ ለግጦሽ ትርቃለች፤ ግልገሉም ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃታል። አቦሸማኔም ልጆቿን ሸሽጋ ለአደን ትወጣለች። በዚያች ሰዓት የሚያልፍ ሰው የሙት ልጅ ያገኘ ይመስለዋል። ፍየሎቹ ስላለቁበት ተናዶ እናቲቱን ተከታትሎ ልጆቿን የሚወስድ አርብቶ አደርም አለ፤ ለገንዘብ ብቻ የሚያድንም እንዲሁ።

የአቦሸማኔ ግልገል እንደ ወፍ ይጮኻል እንጂ አያገሳም፤ ስለዚህ ጎረቤት እንኳ ሳይሰማ ጓሮ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ እየበላ ሲያድግ ካልሲየም ያጥረውና እግሮቹ ይጣመማሉ። እናቱ አደን የምታስተምረው አንድ ዓመት ተኩል ያህል አብራው ቆይታ ነው፤ ያ ትምህርት አንዴ ከተቋረጠ ወደ ዱር መመለሱ እጅግ ከባድ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በዓለም ላይ የቀሩትን አቦሸማኔዎች ወደ 7,100 ገምቷል። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ በየዓመቱ 300 ያህል ግልገሎች በሕገወጥ መንገድ ይወጣሉ ይላል። አብዛኞቹ ኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግረው ወደ የመንና ወደ ዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ይሄዳሉ።

ከከተማዋ በስተደቡብ ዱዳ አካባቢ የሚገኘው የዴካን መጠለያ የዚህ ንግድ ቁስል የሚታይበት ቦታ ነው። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ቤርትራንድ ላፍራንስ የመሠረተው ይህ መጠለያ ከነጋዴና ከግለሰብ እጅ የተወሰዱ አቦሸማኔዎችን ሲንከባከብ ኖሯል። በሶማሊላንድ ሐርጌሳ አቅራቢያ፣ በኢትዮጵያም ሆለታ ባለው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሦስቱም ቦታዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን መጠለያ የደረሰ ግልገል ከሞት ተረፈ እንጂ ዱሩን አላገኘም።

በዚህ ጉዳይ እጅግ አሳሳቢው ሰው ጨካኙ ሳይሆን ርኅሩኁ ነው። የታሰረ ግልገል አይቶ አንጀቱ የማይችል ሰው ገንዘብ ከፍሎ «አዳንኩት» ይላል። ሻጩ ግን የሚያስታውሰው ዋጋውን ነው፤ በማግስቱ ሌላ እናት ይከታተላል። ስለዚህ መግዛት፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን፣ በአዘኔታም ቢሆን፣ መቅረት አለበት። ጅቡቲ በዱር እንስሳት ንግድ ላይ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1992 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች፤ አቦሸማኔም ለንግድ እንዳይሸጥ በስምምነቱ ከተከለከሉት እንስሳት ተርታ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይገኛል። የታየው ነገር ለፖሊስ ወይም ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን መነገር አለበት።

ለማን፣ በየትኛው ስልክ የሚለውን ግን ሰዉ እንዲያውቅ ማድረግ የመንግሥት ሥራ ነው። በቡላኦስ ግቢ የሚጠርጉት፣ በር የሚጠብቁት፣ ልጅ የሚያሳድጉት ብዙዎች ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ጓሮ ውስጥ የታሰረውን ግልገል ቀድመው የሚያዩትም እነሱ ናቸው። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት የቤት ሠራተኛ አሠሪዋን ጠቁማ ራሷ የምትባረር ከሆነ ዝም ማለቷ አይፈረድባትም። ጥቆማ ስም ሳይጠየቅ የሚቀበል አንድ የስልክ ቁጥር ይከፈት፤ ከፈረንሳይኛና ከዐረብኛ ሌላ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛም ተጽፎ በየገበያውና በየሰፈሩ ይለጠፍ።