አባቱ ዳኛ

አጎቴ ቢቸና ላይ ጤፍ ይነግዱ ነበር። የሂሳብ መዝገባቸውን የሚሠራላቸው ሞጣ የተቀመጠ ባለሙያ ነው፤ ለሁለቱም ከተማ ነጋዴዎች ይፈርማል፣ ማህተሙን ያሳርፋል፣ ገንዘቡን ይቀበላል። አንድ ቀን ገቢዎች መዝገቡን ቢያገላብጡት የተዘለለ ሽያጭ፣ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ተገኘ። ቅጣቱ በማን ላይ ወደቀ? በአጎቴ! ሰውዬው በዚያው ሳምንት ለሌላ ነጋዴ ይፈርም ነበር።

«የኔ ልጅ፣ አንተ እንኳ ፊደል ቆጥረሃል። ይኼን ሰው ለማን ልክሰሰው?» አሉኝ።

ጠየቅሁላቸው። ወረዳው «የግል ውላችሁ ነው» አለ። አንድ የሙያ ማኅበር ዘንድ ደብዳቤ አስገባን፤ «ለኮሚቴ ተመርቷል» ተባልን። ኮሚቴው እነማን ናቸው? የተከሳሹ የሥራ ባልደረቦች! መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም። አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ ማለት ይኼ አይደል?

ሕግ የለንም እንዳንል፣ አዋጅ ቁጥር 847/2006 አለ። በእርሱ መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቆጣጠራል፣ ያጠፋውን ይቀጣል። እሰየው! ግን ሥልጣን አዲስ አበባ ተቀምጦ አቤቱታው ቢቸና ከቀረ ምን ይረባል?

«የባለሙያ ስም በወሬ ይጠፋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ወሬ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን አሜሪካኖቹን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤንሮን ሲወድቅ ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን ሰነድ ማጥፋቱ ታወቀ። እስከዚያ ድረስ ኦዲተሮች የሚፈተሹት እርስ በርሳቸው ነበር። በ2002 በወጣው ሕግ፣ አክሲዮናቸው ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያዎችን የሚመረምሩ ኦዲተሮች ቁጥጥር ለተለየ ቦርድ ተሰጠ። ምርመራው በምስጢር ይያዛል፤ ቅጣቱ ሲጸና ግን ከነስሙ ይወጣል። የንጹሑም ስም ተጠበቀ፣ የአጥፊውም ታወቀ።

እኛስ ይኼ ይከብደናል? ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙ አይርቅም። እዚያ ተማሪው ያበላሸውን ቅኔ መምህሩ በጉባኤው ፊት ያርመዋል። ተማሪው ያፍራል፤ ቅኔው ግን ይድናል። ስሕተትን ሸሽጎ የከበረ የቅኔ ቤት አላየሁም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አቤቱታ የሚቀበል ጠረጴዛ በየዞኑ ይኑር። ለመልሱ ቀን ይቆረጥለት። ከፈራጆቹ የሚበዙት ከሙያው ውጭ ይሁኑ። የጸና ውሳኔ ደግሞ ከነስሙ ይለጠፍ፤ ሞጣም፣ ቢቸናም።

አጎቴ ቅጣቱን በሬ ሸጠው ከፈሉ። ባለሙያው ሂሳብ ያወራርድ እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ እርሱ የሚያወራርደው የሌላውን ነው።