«ድምፅሽን አወፍሪው» ለምትሉን

ባለፈው ሴሚስተር በሬዲዮ ልምምዳችን ላይ የመጀመሪያውን ዜና አንብቤ ሳልጨርስ አስተማሪያችን አስቆሙኝ። «ድምፅሽ ለዜና ይቀጥናል፤ እስቲ አወፍሪው» አሉኝ። እኔም የታዘዝኩትን ላደርግ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዶርም ውስጥ ድምፄን ለማጎርነን ስታገል ከረምኩ። ትርፉ ምን ሆነ? ድምፄ ሻከረ፣ ጉሮሮዬም ይከረክረኝ ጀመር።

ነገሩ ሲከነክነኝ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ። ማንቁርታችን ውስጥ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ፤ ስንናገር ከሳንባ የሚወጣው አየር ያርገበግባቸዋል። በልጅነት የወንድና የሴት አውታር እምብዛም አይለያይም። ጉርምስና ሲመጣ ግን ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን የወንዱን ማንቁርት ያሳድገዋል፤ አውታሮቹም ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። ያደገ ወንድ አውታር ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሴቷ ከ12.5 እስከ 17.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሲናገሩ የወንዱ በሰከንድ 120 ጊዜ ገደማ፣ የሴቷ ደግሞ 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ክራር የሚደረድር ሰው ይኼ አይጠፋውም። ቀጭኑን ክር ከልክ በላይ ብታላሉት ወፍራም አይሆንላችሁም፤ ቅኝቱ ይበላሻል እንጂ።

ታዲያ «ለዜና የሚሆን ድምፅ» ማለት ምን ማለት ነው? የወንድ ድምፅ ማለት ከሆነ ችግሩ የጉሮሯችን ሳይሆን የጆሯችን ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ቢቢሲ ሺላ ቦሬት የምትባል ሴት አስተዋዋቂ አድርጎ ቢያቀርብ የአድማጭ ተቃውሞ በዛና በወራት ውስጥ ከቦታዋ አነሳት። ዛሬ በዚያው ጣቢያ ሴት ዜና ስታነብ ማንንም አይገርመውም። የሴቶች አውታር ግን ያው ነው፤ የተለወጠው ጆሮ ነው።

ይህን ስል አልታረምም ማለቴ አይደለም። የትንፋሽ አያያዝ፣ የቃላት ጥራት፣ የንባብ ፍጥነት፣ ከማይክሮፎን መራቅና መቅረብ፣ እነዚህ ሁሉ በልምምድ ይስተካከላሉ። በእነሱ ነጥብ ብንቀነስ ቅር አይለንም። ተፈጥሮ በሰጠችን ሚሊ ሜትር ግን አትመዝኑን። እናንተም እህቶቼ፣ የሌላችሁን ድምፅ ፍለጋ ያላችሁን አታጥፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስቱዲዮ የመግባት ተራው የእኔ ነው። በራሴ ድምፅ ነው የማነበው። እናንተ ደግሞ ዜናውን ስሙልኝ።