7519ን ስናካፍል

መስከረም ሲጠባ 2019 ብለን መጻፍ እንጀምራለን። በባሕረ ሐሳብ ግን ዓመቱ ሌላ ቁጥር አለው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት ያለው 5500 ዓመት ሲደመርበት 7519 ይሆናል፤ ዓመተ ዓለም ይሉታል። እስኪ ወረቀትና እርሳስ አቅርቡና ልጆቹን ጥሯቸው።

መጀመሪያ 7519ን ለ4 አካፍሉ። 1879 ይደርሳል፤ 3 ይተርፋል። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ መጪው ዘመን ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች።

ቀጥሎ 7519ንና 1879ን ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ። 4 ይተርፋል። ከማክሰኞ 1 ብላችሁ ስትቆጥሩ 4 ዓርብ ላይ ይወድቃል፤ እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው።

ሦስተኛው አካፋይ 19 ነው፤ ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ይገጣጠማሉና። 14 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስለት 13፣ እሱ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ 30፣ 30 እያወጣችሁ ስትጥሉ 23 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። በ19 አባዝታችሁ እንዲሁ ስታደርጉ 7 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልመጡ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው።

4፣ 7 እና 19 ሲባዙ 532 ይሆናሉ። በየ532 ዓመቱ የበዓላቱ ዑደት ሙሉ በሙሉ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይኸው ነው።

11 ከየት መጣ? የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ከ365 በ11 ያንሳል። ረመዷን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ የሚቀድመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ረመዷን እንዲህ እየቀደመ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ዐቢይ ጾም ግን አንድ ሁለት ዓመት ከቀደመ በኋላ 30 ቀን ይጨመርለታል፤ 30 ሲቀነስ 11፣ 19።

ይህ ሒሳብ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትሄዱ በምታገኟት ሐርቡ፣ በደሴና በኮምቦልቻም፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች በሚጠራሩበት ቤት ሁሉ ማዕድ ላይ ይደርሳል። በየካቲት 2018 ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ገቡ። በ2019 ግን ረመዷን ወደፊት ቀድሞ ሲገባ፣ መጥቅዕ ከመስከረም 18 ወደ ጥቅምት 7 ስለሚሻገር ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይጀመራል። የጨረቃዋ መታየት ቀኑን ቢወስነውም፣ ዒድ አልፈጥር በዚያው ሳምንት ላይ ያርፋል። እንግዲህ ለዒድ የሚጠራው ክርስቲያን ጎረቤት ጾመኛ ነው።

ስለዚህ ለዒድ ጎረቤት የምትጠሩ ከሆነ የምስር ሳምቡሳውንና የጾም ወጡን ከወዲሁ አስቡበት። ሠርግ የምትቆርጡም ሁለቱን ጾሞች አስቀድማችሁ አስሉ።

ለልጆቹ ደግሞ 7520ን ስጧቸው። እንቁጣጣሽ እሑድ ካልወጣላቸው ማካፈሉን ይድገሙት።