አሮጌ የመጫወቻ መኪና ስለ ማደስ



በሰሚት ሠፈር የምንኖር ተማሪዎች ብዙዎቻችን የዕረፍት ጊዜአችንን ስልክ በመነካካት እናሳልፋለን። እኔ ግን ያለፈውን ክረምት ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን በማደስ አሳለፍሁ። ይህን የሰሙ ጓደኞቼ «አንተ ገና ሕፃን ነህን?» ብለው ሳቁብኝ። በእኔ አስተያየት ግን ሥራው የሚያስቅ አይደለም።

እነዚህ መኪናዎች የሚሠሩት ዚንክ የሚበዛበት ቅይጥ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ በግፊት እየገባ ነው። ማችቦክስ የተባሉት በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡም የመነጨው ጃክ ኦዴል የተባለው መሐንዲስ ልጁ ትምህርት ቤት ይዛው እንድትሄድ በክብሪት ቀፎ የሚገባ መጫወቻ ስለ ሠራላት ነው ይባላል። እንግዲህ ነገሩ ከመጀመሪያውም ከተማሪ ቦርሳ የራቀ አልነበረም።

ወጪውም ጥቂት ነው። ዚንክ እንደ ብረት ስለማይዝግ ገላዋ ደኅና ነበር፤ የዛገው የጎማዋ ዘንግ ነው። እርሱን በቀጭን ሚስማር ተካሁት። የጠፋውን ጎማ ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ክብ ቆርጬ ሠራሁ። ለቀለም የእኅቴ የጥፍር ቀለም በቃኝ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የወዳደቀ ቆርቆሮ ምድጃ ሲሆን ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። ነገር ግን የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በደረቁ መፋቅ አይገባም፤ ውሃ እያስነኩ መሥራት፣ ኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። መኪናይቱ የሟቹ አጎቴ ነበረች። በጣሪያዋ ላይ የነበረውን ጭረት ከንቱ መስሎኝ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። አብረቅርቃ ባሳየኋት ጊዜ እናቴ አገላብጣ አየቻት፤ ጣሪያዋን በጣቷ ዳበሰችና «አምሮባታል» ብላ ወደ ማድቤት ገባች። አጎቴ በልጅነቱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በሚስማር ጭሮባት እንደ ነበረ አባቴ የነገረኝ ማታ ነው። ቀለም ይገዛል፤ ያ ፊደል ግን ከእንግዲህ አይገኝም።

ስለዚህ ማደስ ማለት አዲስ ማስመሰል አይደለም እላለሁ። እንዳትሄድ ያደረጋትን ነገር መጠገን፣ ያለፈችበትን ምልክት ግን መተው ነው።

ወላጆቻችንን የምንለምነው፣ በቁም ሣጥን ሥር የተረሳውን መጫወቻ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ለእኛ ስጡን፤ ታሪኩንም ጨምራችሁ ንገሩን። መምህራኖቻችንም በሳምንት አንድ ሰዓትና አንድ ጠረጴዛ ቢፈቅዱልን፣ ከመጽሐፍ የተማርነውን በእጃችን እንሞክረዋለን። እኛም ተማሪዎች ከመፋቃችን በፊት «ይህ ጭረት የማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁና።