«መምህሩን አናግሪው»

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ ይቺን ቃል ያውቃታል። ውጤት ይለጠፋል። የጠበቃችሁት ሌላ፣ የተለጠፈው ሌላ። የዲፓርትመንት ኃላፊው ቢሮ ትሄዳላችሁ። ኃላፊው ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «መምህሩን አናግሪው» ይላሉ። መምህሩ ማን ነው? አቤት የተባለበት ሰውዬ ነዋ! በሬ ካራጁ ይውላል የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

የአንዲት የክፍል ጓደኛችንን ታሪክ እንንገራችሁ። ፋይናሉን አብራን ተቀምጣ ሠርታለች፤ አቴንዳንሱ ላይም ፈርማለች። ውጤት ሲመጣ ኤፍ። መምህሩ «የሠራሽው ነው» አላት። ኃላፊው «ማመልከቻ ጻፊ» አሉ። ጻፈች። መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ። ደግማ ጻፈች። ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሬጅስትራር ስትደርስ «የቅሬታ ጊዜ አልፏል» ተባለች። ጊዜውን ያሳለፈው ማን ሆነና? ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ብቻ ነው። እኛ ጋውን ለብሰን ፎቶ ስንነሳ እሷ አንዲት ኮርስ ጥበቃ ዓመት ቀረች።

ምናልባት ኤፉ ይገባት ይሆናል። ክርክራችን እሱ ላይ አይደለም። ክርክራችን ከመምህሩ በቀር ወረቀቷን ያየ ሌላ ሰው አለመኖሩ ላይ ነው።

«ተማሪ ሲወድቅ ሁሌም መምህሩ ጠመደኝ ይላል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ ከማንበብ ይልቅ መለማመጥ የሚቀናው ተማሪ አለ። ግን እሱን ከእውነተኛው ተበዳይ በምን እንለየው? ወረቀቱን አውጥቶ በማየት ብቻ!

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ ሞልቷል። የዕንባ ጠባቂ ተቋም የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም. ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የሴኔት ሕግ የሚሉት አላቸው። ግን ስንቶቻችን በዓይናችን አይተነዋል? ፍሬሽማን ሆነን ስንገባ ኦሬንቴሽኑ ስለ ካፌ ካርድና ስለ ዶርም ቁልፍ ነበር። አቤት የሚባልበትን በር ያሳየን የለም።

በሩን ብናውቀውስ? ፍርሃቱ አለ። ዛሬ የከሰሳችሁት መምህር በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ኮርስ ይዞ ይመጣል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ አማካሪም እሱ ሊሆን ይችላል። «ስለ ውጤትሽ ለመነጋገር ማታ እንገናኝ» የተባለች ልጅስ? እሷንም «መምህሩን አናግሪው» ልንላት ነው?

«ታዲያ የመምህሩ ነፃነት የት ሊገባ ነው?» ለሚሉ የሰው አገር እናሳያቸው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የተማሪዎችን ቅሬታ የሚመረምር፣ ከዩኒቨርሲቲዎቹ የተለየ ገለልተኛ ቢሮ ይሠራል። ተማሪው ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ቢሮው የመምህሩን የሙያ ፍርድ አይነካም፤ ቢ የተሰጠውን ኤ አያደርግም። የሚያጣራው ዩኒቨርሲቲው የራሱን ደንብ ተከትሎ ተማሪውን በአግባቡ ማስተናገዱን ነው። የመምህሩን ሙያ ሳይጋፉ ተማሪን መስማት ይቻላል ማለት ነው።

እኛ እንኳን ሌላ ቢሮ ይከፈትልን አላልንም። ሦስት ነገር ብቻ ነው የምንለው። አንደኛ፣ ማመልከቻችን ሲገባ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው፤ ኮፒውም በእጃችን ይቅር። ሁለተኛ፣ ወረቀታችንን ስማችን ተሸፍኖ ሌላ መምህር ይረመው። ሦስተኛ፣ የቀጣዩ ሴሚስተር ምዝገባ ሳያልፍ መልሱ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን። እምቢ የምትሉንም ከሆነ እምቢታችሁን ጻፉት፤ ይዘነው ወደ በላይ እንሄዳለን። በቃል የተባለ እምቢታ ይግባኝ አይባልበትም። የሚፈለገውም ይኸው ይመስለናል።

ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ «ሁለቱንም ወገን ሳትሰሙ አትጻፉ» ይሉን ነበር። ፈተና ላይም መጥቶ መልሰነዋል፤ ማርክም አግኝተንበታል።

እስቲ አሁን ደግሞ እነሱ ይፈተኑበት።