ነጠላው ሰማያዊ አልነበረም

የተሳላሚ ማስታወሻ



ባለፈው ዓመት በእንግዳ ማረፊያው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የክብረ በዓል ፎቶግራፎች ያያችሁ ሁሉ፣ የመዘምራኑ ነጠላ ሰማያዊ ቀለም የነካው መምሰሉን አስተውላችሁ ይሆናል። አንድ አባት በትሕትና «ልጄ፣ ልብሳችንን ምን ነካው?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ ጥፋቱን በማተሚያ ቤቱ አሳብቤ ነበር። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ያን ቃሌን ለማረም ነው።

መኖሪያዬ ሻርጃ፣ እንጀራዬ ግን ዱባይ ክሪክ ዳር ነው። ክሪክ ዴይራንና ቡር ዱባይን ከፍሎ ወደ ከተማይቱ መሐል የሚዘልቅ የባሕር ክንድ ነው፤ አብራ በምትባል ትንሽ ጀልባ በአንድ ድርሃም ይሻገሩታል። በዴይራ በኩል የእንጨት መርከቦች ጭነት ይጭናሉ። ከእነርሱ ባሻገር ባለው የቅመም ገበያ ዕጣኑ፣ የደረቀው ጽጌረዳና ለነጭ ልብስ ማጠቢያ የሚሆነው ሰማያዊ የኒል ድንጋይ በየጆንያው ተከምሮ ይታያል። ይህን ሁሉ ሳነሣ፣ የሀገሬን ልጆች ሠርግና ክርስትና ስቀርጽ ኖሬአለሁ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ የማታው መብራት በዓይኔ ይበተን ጀመር። መነጽር ለወጥሁ፤ የካሜራዬንም ሌንስ ደጋግሜ ጠረግሁ። የኒሉ ድንጋይ ጥቁር መስሎ ሲታየኝ ነጋዴው ዕቃ የለወጠ መሰለኝ። የበዓሉን ሥዕሎች ሳሳትምም በማተሚያ ቤቱ የሚሠራው ወጣት፣ የሀገራችን ልጅ ነው፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ የሰጡትን ነው ያተመው፤ ሰማያዊው ከፋይሉ ነው» አለኝ። እኔም «ነጭና ሰማያዊ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ብዬ ሰው በተሰበሰበበት ተቆጣሁት፤ ሥራዬንም ይዤ ወጣሁ።

እውነቱን የነገረኝ የዓይን ሐኪም ነው፤ በሁለቱም ዓይኖቼ የሞራ ግርዶሽ ነበረብኝ። በዓይናችን ውስጥ፣ ከጥቁሩ ክብ በስተኋላ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የጠራ ሌንስ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ሌንስ ይደፈርሳል፤ ብዙውን ጊዜም ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ እየሆነ ይሄዳል። ከቀለማት ሁሉ ይበልጥ የሚያግደው ሰማያዊውን ነው። ለውጡ ቀስ እያለ የሚመጣ ስለሆነ ሰው የጎደለውን አያውቅም። እኔም ነጠላው ቢጫ በመሰለኝ ቁጥር፣ በኮምፒውተሬ ሰማያዊ እየጨመርሁ «አነጣሁት»።

ይህ በታላላቆችም ደርሷል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ሕመሙ በ1912 እ.ኤ.አ. ተነገረው፤ ቀዶ ሕክምናውን ፈርቶ እስከ 1923 ዘገየ። በዚያ መካከል ቀለሞቹን የሚለየው በዕቃቸው ላይ በተጻፈው ስም ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቀለማቱ ተዛቡብኝ እያለ ሲያማርር ነበር። በእርሱ ዘመን የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል እንጂ ምትክ አልነበረውም። ምትኩን በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ መጀመሪያ የተከለው ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ በዓይናቸው የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክም፣ ዓይን ያን ፕላስቲክ እንደ ባዕድ እንደማይገፋው አስተውሎ ነበር። ለብዙዎች ጥፋት ከሆነው ስብርባሪ መድኃኒት ወጣ።

እኔም እንደ ሞኔ ፈርቼ ወራት አዘገየሁ፤ ዓይኑን ያጣ ፎቶግራፍ አንሺ በባዕድ ሀገር ምን ይበላል ብዬ። ዕለቱ ሲደርስ ግን በማደንዘዣ ጠብታ ብቻ፣ ሳልተኛ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ሐኪሙ ሦስት ሚሊ ሜትር በማትሞላ ቀዳዳ ገብቶ፣ የደፈረሰውን በድምፅ ሞገድ አድቅቆ መጠጠውና የታጠፈ ሌንስ አስገባ፤ ሌንሱም በውስጥ ተዘረጋ። ለእኔ የታየኝ ብርሃንና የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ዓይኔ ተራውን ሲጠብቅ፣ በአብራ ተቀምጬ ዓይኖቼን በየተራ ሸፈንሁ። በታከመው የጀልባው ሸራ ነጭ ነው፤ ባልታከመው ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ወደ ቅመም ገበያው ሄድሁ፤ ኒሉ ሰማያዊ ነበር። ነጋዴው ምንም አልለወጠም።

ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄጄ፣ በተቆጣሁበት ቦታ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እኔም ራሴን ተጠራጥሬ ማሽኑን ሁለት ጊዜ አስፈትሼ ነበር» አለኝ። እኔ አለማየቴን ሳላውቅ፣ በሚያይ ሰው ልብ ጥርጣሬ ዘርቼ ነበር።

አባቶቼ፣ ይህን ለእናንተ የምነግርበት ምክንያት አለኝ። በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ የግማሾቹ ምክንያት የሞራ ግርዶሽ ነው፤ ይህም በቀዶ ሕክምና የሚመለስ ነው። ዳዊትን በቃሉ የሚደግም አባት ፊደሉ ቢጠፋበትም ንባቡ አይቋረጥምና፣ ማንም ሳያውቅለት፣ እርሱም ለማንም ሳይነግር ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ረድኦች፣ አባታችሁ ደረጃውን በእግሩ እየዳሰሰ ሲወርድ፣ ወይም ጧፉ ቀለበት ሠርቶ ታየኝ ሲል ብትሰሙ ችላ አትበሉ። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በጎንደርም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣሉ።

የታከመም ሰው ይጠንቀቅ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ዓይንን ማሸት፣ ውኃ ማስነካት፣ ጎንበስ ማለት ክልክል ነው፤ ጠበል መጠመቅና ግንባርን ምድር አስነክቶ መስገድም በዚሁ ይገባሉ። በዓሉ ቢደርስባችሁ ነገሩን ለንስሐ አባታችሁ አስረዱ፤ ቆሞ መጸለይም ጸሎት ነው።

የአምናዎቹን ሥዕሎች አርሜ፣ በዚያው ወጣት እጅ አሳትሜ ይዤ እመጣለሁ። ያ የጠየቁኝ አባት ከሁሉ በፊት ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ይቆየን።