የጎረቤት በር ለጎረቤት ቤት



ክረምት ሊገባ ሲል በየግቢው ወሬው አንድ ነው። ጣራው ያፈሳል፣ በሩ አልዘጋ ብሏል፣ አጥሩ ዘሟል። ቀዳዳውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የቸገረው መድፈኛው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ የሚሠራው ቆርቆሮና ፌሮም ከጡረተኛውም ከደመወዝተኛውም ኪስ ራቀ።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? አንዱ መላ እዚሁ ከዓይናችን ሥር አለ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከሜክሲኮ በሳር ቤትና በጎተራ እስከ ሰፈራችን ወሎ ሰፈር ሲደርስ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፣ መስኮትና ቆርቆሮ ተጭኖ ሲሄድ ያላየ የለም። ዛሬም ቤቱን የሚያድስ ሰው አሮጌውን የብረት በር ለቆራሌው በኪሎ ይሸጠዋል። በሩ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል፤ እዚያ ተቃንቶ፣ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ ለገዢ ይቀርባል። ከሦስት ቤት ወዲያ ያለው ጎረቤት ደግሞ እንዲህ ያለ በር ፍለጋ መርካቶ ወርዶ፣ የነጋዴውን ትርፍና የመኪናውን ኪራይ ከፍሎ ይመለሳል። ቆራሌውም ሆነ የምናለሽ ተራ ሠራተኛ በላቡ የሚያድር ነው፤ አንነቅፈውም። እኛ የምንለው፣ አጥር ለአጥር እየተያየን ዕቃችን ለምን ዞሮ ይመጣል ነው።

ይሁን እንጂ አሮጌ ሁሉ አይገዛም። በር፣ መስኮት፣ ጣውላና ቆርቆሮ አሮጌ ቢሆን ግድ የለም። ቆርቆሮ ሲገዙ ጌጁን ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። ያልዛገ ባለ 28 አሮጌ ከስስ ባለ 35 አዲስ ሊሻል ይችላል። ወደ ፀሐይ አንሥተው የሚስማሩን ቀዳዳ ይቁጠሩ። ጣውላውን በሚስማር ወጋ ያድርጉት፤ ከገባ ምስጥ በልቶታል።

ቤት የሚሸከመውንና መብራት የሚያመላልሰውን ግን አዲስ ይግዙ። ተጣሞ የተቃና ፌሮ ለአጥር ማሰሪያ ይሁን እንጂ ለምሰሶ አይሆንም። አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱ ተሰነጣጥቆ ቤት ያነዳል፤ በእሱ የተረፈ ገንዘብ ትርፍ አይባልም። የጓጎለ ሲሚንቶም በነጻ ቢሰጥዎ አይቀበሉ። የጥንት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በሩን ሕፃናት ባሉበት በደረቁ አይፋቁ።

ሌላም አለ። የስልክ ገመድ፣ የመብራት ምሰሶ ብረት ወይም የጉድጓድ ክዳን በርካሽ ቢቀርብልዎ እጅዎን ይሰብስቡ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውንም ይቀጣል። ደግሞስ ክዳኑ የተነሣው ጉድጓድ የማንን ልጅ ይጠብቃል?

ስለዚህ ማኅበራችን ለነዋሪው የሚያቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ቤት የሚያድስ ሰው ቆራሌውን ከመጥራቱ በፊት፣ የሚያወጣውን ዕቃ ዓይነት፣ ልክና ዋጋ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ፈላጊም የሚፈልገውን ይጻፍ። አንድ ሳምንት ቆይቶ ጎረቤት ካልፈለገው፣ ያን ጊዜ ቆራሌው ይውሰደው። ለአፍራሹ ሠራተኛም ሚስማሩን በመንቀያ እንዲያወጣ እንንገረው፤ በመዶሻ የተሰበረ በር ለማንም አይሆንም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ ቦታ ያጣበበው አሮጌ ቆርቆሮ፣ ጣራዋ ለሚያፈስባት እናት የዘንድሮን ክረምት ሊያሻግራት ይችላል። ሰሌዳው ክፍት ነው፤ ዝናቡ ሳይቀድመን እንጻፍበት።